የሁለተኛው እንስራ ፈቃድ

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ከመካከላችሁ አንዱ «አጎቴ እኮ እዚያ ነው የሚኖሩት» ብሎ ይነሳና ወሬው ሌላ መልክ ይይዛል። ወንዝ አላት፣ ገበያ አላት፣ መስኮት የሌለው ትልቅ የፈተና አዳራሽ አላት፤ ይህን ካወቃችሁ ይበቃችኋል። እኔ ይህ ነገር ሲሆን በዚያ አዳራሽ አሥራ አንድ ዓመት የእንስራ ሹም ሆኜ አገልግዬ ነበር። ሹመቱ ሲጠሩት ደረት ያስነፋል እንጂ ሥራው ውኃ መሙላት ነው።

የፈተናው ሥርዓት እንዲህ ነበር። መድረኩ ላይ፣ በእንጨት ማስቀመጫ፣ አንድ እንስራ ተሰቅሏል። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ከቀዳዳዋ በታች ሳፋ ይቀመጣል። ፀሐይ ስትወጣ እንስራውን እሞላለሁ፣ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል፣ ተፈታኞች በኩራዝ ብርሃን ስልሳ ጥያቄ ይሠራሉ። እንስራው ጎድሎ ባዶ ሲሆን ቀትር ሆነ ማለት ነውና ደወል ይደወላል፤ ያልጨረሰም ብዕሩን ያስቀምጣል። አዳራሹ መስኮት ያጣው ተማሪ ወደ ውጭ እያየ እንዳይዘናጋ ተብሎ ነው። ስለዚህ በፈተና ቀን ቀትር መሆኑን የሚያውቀው እንስራው ብቻ ነበር፤ ከተማውም በሙሉ ምሳውን የሚበላው በእንስራው ደወል ነበር። ሕጉም ገና በመጀመሪያው ገጽ «እንስራው አይሳሳትም» ይላል።

ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና ሕጉን የጻፉት ደጋግ ሰዎች አንድ አንቀጽ ጨምረው ነበር። ቀስ ብሎ የሚያነብ፣ ሐሳቡ ቶሎ የሚበተንበት፣ በሰው መሐል ሲቀመጥ እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ ቢኖር ሊቀ መርማሪው አእምሮውን ይመርምሩትና ሁለተኛ እንስራ ይሞላለት ይላል። ደስ የሚል አንቀጽ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ግን ለአንድም ሰው ሁለተኛ እንስራ ሞልቼ አላውቅም ነበር።

ሊቀ መርማሪ ተካበ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነበሩ። አጠገባቸው ሰው ቢያስነጥስ «ይማርህ» የሚሉት መዝገብ ላይ ካሰፈሩት በኋላ ነው። ምርመራቸው የሚጀምረው አርባ ገጽ ባለው ቅጽ ሲሆን ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለማንበብ ጊዜ ይፈጅብሃል? ቶሎ መልስ» ይላል። ቅጹ ተሞልቶ ማለቅ ያለበት በግማሽ እንስራ ውኃ ነው። በግማሽ እንስራ አርባውን ገጽ የጨረሰ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ፈጣን ነህና ሁለተኛ እንስራ አያስፈልግህም ይባላል። ያልጨረሰ ደግሞ ማመልከቻህ አልተሟላም ተብሎ ይመለሳል።

አንዳንዱ ብልጥ በመጨረሻዋ ጠብታ ላይ የመጨረሻዋን ጥያቄ እየመለሰ ጨርሷልም አልጨረሰምም እንዳይባል ይሞክር ነበር። እሱን ለመለየት ቀለም የፈሰሰበት ወረቀት ይቀርብለታል። «ምን ታያለህ?» ይሉታል። «ቢራቢሮ» ያለ ጤነኛ ነው። «የፈሰሰ ቀለም» ያለ ግትር ተብሎ ይመዘገባል፤ ግትርነት ደግሞ በአንቀጹ ውስጥ አልተጠቀሰም።

በየዓመቱ መጨረሻ ሊቀ መርማሪው አደባባይ ወጥተው «ዘንድሮም በከተማችን ቀስ ብሎ የሚያነብ አንድም ሰው አልተገኘም» ብለው ሪፖርት ያነባሉ። ጭብጨባው ይቀልጣል። እኔም አጨበጭብ ነበር፤ መዳፌ እስኪቀላ ድረስ።

ግራ የሚያጋባን የተፈታኞች ውጤት በየዓመቱ መውረዱ ነበር። ኮሚቴ ተቋቋመና ልጆቹ ቆሎ ያበዛሉ አለ። በሚቀጥለው ዓመት ቆሎ ተከለከለ፤ ውጤቱ ግን ይብስ ወረደ፤ ያው ኮሚቴ ልጆቹ ቆሎ አነሳቸው አለ። ለምርመራ የሚሰለፈው ሰው መጀመሪያ ዘጠኝ ነበር፤ እኔ በምነግራችሁ ዓመት አራት መቶ ደርሶ ነበር።

ትርንጎ የመጣችው በዚያ ዓመት ነው።

በእኛ ከተማ ሰው የሚፈተነው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛው ካመለጠው የድልድይ ሠሪዎች ትምህርት ቤት በር ዳግመኛ አይከፈትለትም። ለትርንጎ ይህ ሦስተኛዋ ነበር። ልጅቱ ደግሞ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ከድልድይ ሌላ ወሬ የላትም። የትኛው እንጨት ስንት ሸክም እንደሚችል፣ የትኛው ድንጋይ በክረምት ጎርፍ እንደማይንሸራተት ብትጠይቋት አንድም ሳታዛንፍ ትነግራችኋለች። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ቀስ ትላለች። በመጀመሪያው ፈተና ከስልሳው ሠላሳ አንዱን ሠርታ ደወል ተደወለ። በሁለተኛው፣ ዓመቱን ሙሉ ስታጠና ከርማ፣ ሃያ ሰባት ላይ ተደወለባት።

ከምርመራው ክፍል ስትወጣ ውኃ ስቀዳ አገኘችኝ። እናቷ ወይዘሮ አገሬ ከኋላዋ ነጠላቸውን እያጠበቁ ይከተሏታል።

«አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቅጹን ቀሙኝ፣ ጋሽ አሰጌ» አለችኝ።

«ሁሉንም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ አንቺን ብቻ አይምሰልሽ» አልኳት።

«ኧረ ሲያጽናኑ ይግደሉኝ!» አሉ ወይዘሮ አገሬ። «ልጄ ልትቀርብኝ ነው እላለሁ፣ እሳቸው አይዞሽ ብቻሽን አይደለም የምትቀሪው ይሏታል!»

ትርንጎ የእናቷን ክንድ ይዛ ዝም አሰኘቻቸው። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። እንስራውን ቀየሩት እንዴ?»

«ኧረ ያው ነው። ምነው?»

«እኔ ስፈተን በጠብታው ነው የማነበው። አንድ ጠብታ ሲወርድ አንድ ቃል አነባለሁ፤ እንዲያ ካደረግሁ አልደነግጥም። ካቻምና እኩል ነበርን። አምና ቃሉን ሳልጨርስ ሌላው ጠብታ ይቀድመኝ ጀመር። ዛሬ ደግሞ ምርመራው ላይ ሳየው ጭራሽ ጠብታ የለም። ክር ሆኖ ነው የሚወርደው።»

ሳቅሁባት። አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩትን እንስራ ሁለት ጊዜ የወደቀች ልጅ ልታስተምረኝ መሆኑ አስቆኝ ነው። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ወስፌዬ ትዝ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መመሪያው «እንስራው በየዓመቱ ይጽዳ፤ ቀዳዳውም እንዳይደፈን ይጠረግ» ይላል። እኔ ደግሞ ሥራ ስይዝ ነገር አላጎድልም። በየዓመቱ ከፈተናው በፊት ቀዳዳዋን በወስፌ ቆርቁሬ፣ ዞር ዞር አድርጌ፣ አቧራ የሚባል ሳላስቀር ነበር የምጠርጋት። ለዚህም ሁለት ጊዜ ተሸልሜያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በወስፌ የተቆረቆረች የሸክላ ቀዳዳ ምን እንደምትሆን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አስቤ አላውቅም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ እንስራውን ተሸክሜ ወደ ግቢው አወጣሁት። እናትና ልጅ መጡ። ትርንጎ ትንሿን ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች፤ ያለ ችግር ገባች። ከዚያ ሞላሁት፤ ሦስታችንም ቁጭ ብለን አየነው። ሲጎድል ፀሐይዋ ገና ሽቅብ እየወጣች ነበር፤ ጥላዬ ቁመቴን ያህላል። ቀትር የተባለው ሦስት ሰዓት ላይ ነበር ማለት ነው።

ያን ጊዜ ብዙ ነገር ገባኝ። ልጆቹ ቆሎም አልበዛባቸው፣ ቆሎም አላነሳቸው። የከተማው የጤና ሹም በየዓመቱ «በፈተና ቀን ለሕዝቡ ምሳ አይወርድለትም፤ ለልጆቹ ከመጨነቁ የተነሣ ነው» እያሉ የሚጽፉትም ሕዝቡ ቁርሱን በልቶ ሳይፈጭለት ምሳ ስለሚቀርብለት ኖሯል።

«እንግዲህ ይናገሩ» አሉኝ ወይዘሮ አገሬ።

«ብናገር እኮ ሥራዬን አጣለሁ።»

«ባይናገሩ እሷ ሦስተኛዋን ታጣለች። እርስዎ ሌላ ሥራ ያገኛሉ፤ ውኃ መሙላት የትም አለ።»

አፍሬ መሬት መሬቱን ሳይ ትርንጎ «እናቴ፣ ተያቸው፤ ይናገራሉ» አለች። ከእናቷ ቁጣ ይልቅ የእሷ ማመን ነው ያስነሳኝ።

ሊቀ መርማሪው ታሪኩን ቆመው ሰሙ። ከዚያ ክፍላቸውን ሦስት ጊዜ ዞሩት።

«እንስራው ተሳስቷል ልትለኝ ነው?»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። በወስፌ...»

«አንተ ሹም ነህ። ሹም ተሳሳተ ማለት የሾመው ተሳሳተ ማለት ነው፤ ስለዚህ አልተሳሳትክም። እንስራውም አይሳሳትም፤ ሕግ ነው።» ቁጭ አሉ። ጢማቸውን አሻሹ። ድንገት ፊታቸው በራ። «ግን ንገረኝ፣ ሕጉ እንስራው አይታመምም ይላል?»

ሕጉን ገልጠን ከዳር እስከ ዳር አነበብነው። አይታመምም የሚል የለበትም።

በማግስቱ እንስራው ለአእምሮ ምርመራ ቀረበ። እኔ እንደ አስታማሚ አጠገቡ እንድቆም ታዘዝኩ። አራት መቶ ሰው ቅጽ ወስዶ ስለነበር መደርደሪያው ላይ የቀረችው አንዲት ቅጽ ብቻ ነበረች፤ እሷ ለእንስራው ተሰጠች።

«ስም?» አሉ ሊቀ መርማሪው።

«እንስራ» አልኩ።

«እሱ ይመልስ።» ጠበቁት። «ሐሳብህን መሰብሰብ ያስቸግርሃል?»

እንስራው ዝም አለ። በምርመራ ደንብ ዝምታ እንደ አዎን ይቆጠራል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው መጣደፍ የተሰማህ?»

አሁንም ዝም። ከሥሩ ግን ትላንት የቀረችው ውኃ ወለሉ ላይ ፈሰሰች። ሊቀ መርማሪው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ያለቅሳል» ብለው ጻፉ። ልባቸው እንደተነካ ያስታውቃል። ቀለም የፈሰሰበትን ወረቀት እንኳ ሳያሳዩት አለፉት።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው አደባባይ ተለጠፈ። «የፈተናው እንስራ በሥራ ብዛት የመጣደፍ ሕመም ስላደረበት፣ በሕጉ መሠረት ሁለተኛ እንስራ ተፈቅዶለታል። ከእንግዲህ በፈተና ቀን ሁለት ጊዜ ይሞላ።» በከተማዋ ታሪክ የሁለተኛ እንስራ ፈቃድ ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነው።

«ለሰው ልጅ የተነፈገውን ለገል ሰጡት!» አሉ ወይዘሮ አገሬ፣ እየሳቁና እየተናደዱ። «ግድ የለም፣ እሰይ! ልጆቹ እንደሆነ ጊዜያቸውን አገኙ።»

እውነታቸውን ነው። እንስራው ሁለት ጊዜ ሲሞላ ልክ ቀትር ላይ ይጎድላል። ሳምንት ሳይሞላ የምርመራው ሰልፍ ተበተነ። ከአራት መቶው አብዛኛው የጎደለው ጊዜው እንጂ እሱ አለመሆኑ ሲገባው እየዘፈነ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔም ከሥራዬ አልተባረርኩም፤ ወስፌዋን ግን ለጎረቤቴ ስፌት መስፊያ ሰጠኋት።

ከሰልፉ ሰባት ሰው ቀረ። ከፊት የቆመችው ትርንጎ ነበረች።

ሊቀ መርማሪው ሲያይዋት ቅር አላቸው። «አንቺ ልጅ፣ እንስራው ታክሞ አንቺ ገና አልዳንሽም?»

«እኔማ መቼ ታመምኩ፣ ጌታዬ» አለች። «የታመመው እንስራው ነው። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። በተስተካከለውም ሞከርኩት፤ ጋሽ አሰጌ እንስራውን አውጥተውልኝ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ሁለት ጊዜ እየሞላችልኝ። አርባ አንድ ላይ አለቀብኝ። ለማለፍ ደግሞ ሃምሳ ያስፈልጋል።»

«እንግዲያውስ ቅጹን...» ብለው ወደ መደርደሪያው ዞሩ። መደርደሪያው ባዶ ነው። የመጨረሻዋን ቅጽ እንስራው ወስዷታል። አዲስ ቅጽ የሚታተመው ከፈተናው በኋላ ነበር። ሊቀ መርማሪው እጃቸውን አየር ላይ እንደዘረጉ ቀሩ።

«ያለ ቅጽ ሰው እንዴት ይመረመራል?» አሉኝ። ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ።

«እንዲያው ይጠይቋታ፣ ጌታዬ» አልኩ።

ብዙ ካሰቡ በኋላ ወንበር አስመጡላት፤ ራሳቸውም ተቀመጡ። ተመርማሪ ፊት ሲቀመጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ስታነቢ... ምን ይሆናል?»

ትርንጎ አልቸኮለችም። «በጎችን በጠባብ በር እንደማስገባት ነው፣ ጌታዬ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነው የማሳልፋቸው። በራሴ ጊዜ ካሳለፍኳቸው አንድም አይጠፋብኝም። ካጣደፉኝ ግን ተጋፍተው ይገቡና የቱ የቱ እንደሆነ አላውቀውም። ያን ጊዜ እንደገና ሁሉንም አስወጥቼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሰነፍ ነሽ ይሉኛል። ሰነፍ ብሆን ኖሮ ሁለተኛ ጊዜ አስወጣቸው ነበር?»

ሊቀ መርማሪው ብዕራቸውን አንስተው ነበር፤ መልሰው አስቀመጡት።

«የደረስሽባቸውን ጥያቄዎችስ... ምን ያህሉን አገኘሽ?»

«እሱን አላውቅም። ያልጨረሰ ሰው ውጤት አይነገረውም።»

የውጤት መዝገቡን እንዳመጣ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ያልጨረሱት ልጆች ውጤት ከተጻፈበት በኋላ ያንን መዝገብ ገልጦ ያነበበ አልነበረምና አቧራው አስነጠሰኝ፤ «ይማርህ» አሉኝ፣ ሳይመዘግቡ። የመጀመሪያው ዓመት፦ ሠላሳ አንድ ሠርታ ሠላሳ አንዱንም አግኝታለች። ሁለተኛው ዓመት፦ ሃያ ሰባት ሠርታ ሃያ ሰባቱንም። ሊቀ መርማሪው ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«ሁሉንም» አሉ በለሆሳስ። «ልጄ፣ ሁሉንም እኮ ነው ያገኘሽው።»

ትርንጎ ያን ጊዜ አለቀሰች። እናቷ በር ላይ ሆነው እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ቦታው የመንግሥት መሆኑ ትዝ ብሏቸው በነጠላቸው አፈኑት። እኔም ደስ አለኝ፤ በደስታዬ ላይ ግን አሥራ አንድ ዓመት ያጨበጨብኩት ጭብጨባ መጣብኝና መቀመጫ ፈለግሁ።

ፈቃዱ በተራ ወረቀት፣ በእጅ ጽሕፈት ተጻፈ። «ቀስ ብላ ታነባለች። ሦስተኛ ይሞላላት።» የቀሩት ስድስቱም በተራቸው እየተቀመጡ ተጠየቁ። አንደኛው ጊዜ አይፈልግም፤ የሰው ትንፋሽ ስለሚረብሸው ጥግ ላይ ብቻውን መቀመጥ ብቻ ነበር የፈለገው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያመለከተው ለዚህች ወንበር ነበር። ወንበሯን ወዲያው አዛወርንለት፤ ሁለት ሰው በቂ ነበር።

ልብ ማንጠልጠል ስለማልወድ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ትርንጎ አልፋለች። ከስልሳው ሃምሳ ስምንት። የሳተቻቸው ሁለቱ ስለ ግብር አሰባሰብ የተጠየቁ ናቸው፤ እሱን ደግሞ በከተማዋ ውስጥ በትክክል የሚያውቀው ሰው የለም። ዛሬ ሦስተኛ ዓመት የድልድይ ተማሪ ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ መምህሮቿም ስሌቷን ደግመው አይፈትሹትም ይባላል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለኝ ግን ያ የፈተና ቀን ነው።

እንስራው ለሁለተኛ ጊዜ ጎደለ፤ ደወል ተደወለ፤ ቀትር፣ እውነተኛው ቀትር ሆነ። አዳራሹ ተንጫጭቶ ወጣና ጭር አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞላሁት። ትርንጎ ከመካከለኛው ረድፍ ላይ ብቻዋን ቀረች፤ ኩራዟን ጠጋ አድርጋ፣ ከንፈሯን ሳታሰማ እያንቀሳቀሰች። ሊቀ መርማሪው ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ከተማሪዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ወረድ ብለው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው ጋር ተጋጭቶ እንኳ ድምፅ አላሰሙም።

ትንሽ ቆይቶ የአዳራሹ ዘበኛ ጎንጤ ቁልፉን እያቅጨለጨለ ገባ። ጎንጤ በፈተና ቀን ምሳውን ገና በጠዋቱ መብላት ለምዷል፤ ያን ዕለት እስከዚያ ሰዓት ሳይበላ መቆየቱ ፊቱ ላይ ይነበባል።

«ጌታዬ» አለ፣ «አንዲት ልጅ ናት እኮ የቀረችው። ልዝጋው?»

ሊቀ መርማሪው ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሡ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ቁልፉን ዝም አሰኘውና ቁጭ በል፣ ጎንጤ» አሉ በሹክሹክታ። «ገና እያነበበች ነው።»

ጎንጤ ቁጭ አለ።